የሌላ መኪና ዕቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ዊተን የሚባል ሰፈር ዕቃ ልንገዛ ወጥተን፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ልቁም ብዬ አልነበረም፤ እግሬ ራሱ ነው የቆመው። ከውስጥ የካምቢዮ ዘይት ሽታ መጣብኝ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የተበላሸ እንቁላል ላይ ያረጀ ጎማ የተቃጠለ የሚመስል፣ ልብስ ላይ አንዴ ካረፈ ቢያጥቡት ቢያጥቡት የማይለቅ ሽታ ነው። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ እንደ ሽቶ ሳብኩት።

«ምን ሆነሻል? ነይ እንጂ!» አለችኝ እማዬ።

«ጋሼ ሸተቱኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ወደ ጋራዡ ውስጥ አየች። ከዚያ የያዘችውን ፌስታል እዚያው መንገድ ላይ አስቀምጣ መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳቅሁ። የምንስቀው በአንድ ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ግን እኛ ቤት የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ግራ የገባኝ ሰው ነበርኩ።

ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። ጋሼ የአባዬ አባት ናቸው። አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ እኛ ጋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለጉብኝት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው በሙቀት ሲቀልጥ እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በጣም የወደድኳቸው በአንድ ነገር ነው። ሌላው ትልቅ ሰው ሁሉ ጥያቄ ስጠይቀው «ሂጂ ተጫወቺ» ይለኛል። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላሉ። መልሱን ካላወቁትም አላወቅሁትም ይላሉ። አላውቅም የሚል ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ከመጡ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላቸው ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ እየቆሙ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባዬንና የእማዬን የሠርግ ፎቶ ማየት ጀመሩ። በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ፣ ሁልጊዜ ይቆማሉ፣ ሁልጊዜ ያያሉ። እንዴት ቢወዱት ነው ብዬ አንድ ቀን ፎቶውን አውርጄ ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው። በማግስቱ ደረጃው መሃል፣ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመው ምስማሩን ሲያዩ አገኘኋቸው።

እኔ ይሄ ነገር አልገባኝም። እማዬ ግን አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ከታች ሆና እሳቸውንና ምስማሩን አየች፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ ስልኳን አንስታ ከሐኪም አፖይንትመንት ያዘች።

ሆስፒታል አራታችንም ሄድን። ዶክተሯ ከጋሼ ልብ ደም የሚወጣባት በር ጠብባለች አለች። እሷን አውጥቶ በሌላ መቀየር ያስፈልጋል፤ ካልተቀየረች የሚቀጥለውን ክረምት ላያዩ ይችላሉ። በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ስትል አባዬ «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አላት። እሷም ቀጠለች። የሚተካው በር ከብረት የሚሠራ አለ፤ እሱ የገባለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳልና በእሳቸው ዕድሜ አልመርጠውም። ሌላው ደግሞ ከእንስሳ የሚገኝ ነው። ከአሳማ፣ ለምሳሌ።

አባዬ ወደ ጋሼ ዞረ። «ሁለት ዓይነት አለ ጋሼ። የብረትና የተፈጥሮ። ለእርስዎ የተፈጥሮው ይሻላል ነው የምትለው።»

«የተፈጥሮ ማለት?»

«የተፈጥሮ ነዋ።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። አባዬ በዓይኑ ዘጋልኝ። እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ላስብበት» አሉ።

ማታ ወጥ ቤት እማዬ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። «አሳማ መሆኑን ከሰሙ አይሞክሩትም። ለእሳቸው ብለን ነው። አንቺ ምንም አልሰማሽም፣ እሺ ረዲ?» እሺ አልኩ። ግን ምኑ እሺ እንደሆነ አልገባኝም። እኛ ቤት አሳማ ደጅ አይደርስም። ትምህርት ቤት ፔፐሮኒ የሚባል የአሳማ ሥጋ ያለበት ፒዛ ሲመጣ የኔን ለጓደኛዬ ነበር የምሰጠው። ምሳዬ ላይ ያልተፈቀደ ነገር የጋሼ ልብ ላይ እንዴት ተፈቀደ? ደግሞስ ለእሳቸው ከሆነ ለምን ለእሳቸው አይነገርም? ይህን የምጠይቀው ሰው ጋሼን ነበር። ጋሼን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ።

አባዬ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጥ፣ ግራጫ፣ ፎር ዊል የሆነ ፒክአፕ ነበረው። እማዬ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ነው የምትለው። በዚያ ዓመት በረዶ ሲጥል ሰፈራችን ያለው ዳገት ላይ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ እየተሽከረከሩ፣ የፊቶቹ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለው ቀሩ። ከሥሩ ትራንስፈር ኬዝ የሚባል ከባድ የብረት ሣጥን አለ። ከካምቢዮው ጀርባ ተጣብቆ፣ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው እሱ ነው። ያ ነው ያለቀው። አባዬ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አንድም ቀን አልነካውም ነበር። ከሆስፒታል በተመለስን በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን በጠዋት ተነስቶ መኪናውን ከቤታችን ፊት ያለው ድራይቭዌይ ላይ በክሪክ አነሳና አራት ማዕዘኑን በብረት እግር አቆመው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው እማዬ።

«ልቀይረው።»

«ታውቅበታለህ?»

«ቪዲዮ አለ።»

አባዬ ሆቴል ሂሳብ ክፍል ነው የሚሠራው። እጁን አይታችሁ ከሆነ ብሎን ፈትቶ የሚያውቅ እጅ አይደለም። ቪዲዮው ላይ ያለው ጺማም ሰውዬ ግን ሁሉን ነገር «ቀላል ነው» እያለ ነው የሚያስተምረው። አባዬ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ መኪናው ሥር ይተኛል፤ ከሥር የጺማሙ ሰውዬ ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ የሚወድቅ ቁልፍ ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ የአባዬ የእንግሊዝኛ ስድብ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የሚሳደበው ጋሼ አይሰሙም ብሎ ነው። እኔን ረስቶኛል።

ጋሼ ታጣፊ ወንበራቸውን ጎማው አጠገብ፣ ጥላ ያለበት አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። እኔ ከእግራቸው ሥር። «አሁን ምን እየፈታህ ነው?» ይላሉ። አባዬ ይመልሳል። «ለምን?» ይላሉ። አባዬ ይመልሳል። ከዚያ «ምን ያህል ርቀት ተጉዟል ይሄ መኪና?» ይላሉ። ልክ ፈተና ነው።

የሚተካውን ለማግኘት በእማዬ መኪና፣ ብዙም ከእኛ ወደማትርቀው አሌክሳንድሪያ ወደምትባል ከተማ ሄድን። ተስፋዬ የሚባል የአባዬ ጓደኛ ጓሮ ውስጥ የኛኑ ዓይነት፣ ቀይ ፒክአፕ ነበር። ፊቱ ተጨፍልቋል። ከመስኮቱ ሣር ወጥቶበታል።

«ይሄ መኪና ሞቷል?» አልኩት ተስፋዬን።

«ኧረ ሞቶ አርባው ወጥቷል!» አለኝ። «ግን የሞተው በፊት ለፊቱ ነው። ከሆዱ በኋላ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ከሞተ መኪና የወጣ ነገር ሌላ መኪና ውስጥ እንዴት ይሠራል?»

መነጽር ወለቀ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳንኤል! ልጅህ ጥያቄ አላት።»

አባዬ ከቀዩ ሥር ሆኖ «ሞዴላቸው አንድ ከሆነ ይሠራል» አለ።

«ካልሆነስ?» አሉ ጋሼ።

«ካልሆነ አይገጥምም። ጥርሱ አይገናኝም። አለቀ።»

አለቀ! እሱ ለእሱ ትንሽ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር የጋሼን ማጅራት እያየሁ ነው የመጣሁት። ከበስተኋላችን በገመድ የታሰረው ብረት ጎድጓዳ ላይ ባለፍን ቁጥር ይንጓጓል። ከቀይ ወደ ግራጫ፣ ሞዴሉ አንድ። ከአሳማ ወደ ጋሼስ?

ከላይብረሪ የእንስሳት መጽሐፍ አምጥቼ የአሳማውን ገጽ ከጋሼ ጋር አስተያየሁ። ጆሮ፣ በጭራሽ። አፍንጫ፣ በጭራሽ። እግር፣ ኧረ በስመአብ። አንድ ተስፋ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ጋሼ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲሉ የሚያንኮራፉት ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ «አዎ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይመሳሰላሉ» እያልኩ እጽናናለሁ። እማዬ አንድ ቀን አይታኝ «ታድላ፣ አያቷን እንዴት እንደምትወድ» ብላ ለጓደኛዋ በስልክ ነገረቻት።

ስለዚህ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። የቀዩ ዕቃ ግራጫው ውስጥ ከገባ፣ የአሳማውም ጋሼ ውስጥ ይገባል። ካልገባ ግን አይገባም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ግን እንደተነገረኝ ያህል እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሆስፒታሉ በየጊዜው ኮል ያደርጋሉ። እማዬ እራት ላይ «ጋሼ፣ አሰቡበት?» ትላለች። «እያሰብኩ ነው» ይላሉ። አባዬ ሳህኑን ያያል። በጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት አልለቅ ብሎታል። በማግስቱ ደግሞ ጋሼ ደረጃው ላይ ባዶውን ግድግዳ ሁለቴ ቆመው ያያሉ፤ አንዱ መቆሚያ በቂ አልሆን ብሏቸዋል።

አሮጌውን ሣጥን ለማውጣት ብዙ ቅዳሜ ፈጀ። መጀመሪያ ዘይቱ መፍሰስ ነበረበት። አባዬ ከታች ማፍሰሻውን ሲፈታ ዘይቱ ካሰበው ቀድሞ መጣበትና ከሥር ካስቀመጠው መቀበያ ሳህን ተርፎ ፊቱን፣ ስልኩን፣ ጺማሙን ሰውዬ፣ እንዲሁም ዝቅ ብለው ሲያዩ የነበሩትን የጋሼን ሹራብ አዳረሰው። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የካምቢዮ ዘይት የሸተቱት። እማዬ ሹራቡን ስንት ጊዜ አጠበችው፣ አልለቀቀም። ሌላ ሹራብ ይልበሱ ብትላቸው እምቢ አሉ። «ተዪው፣ የሠራሁ እመስላለሁ።»

ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ደስ ብሎኝ «ወርቅ! ወርቅ አለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ወርቅ አይደለም» አለ አባዬ ፊቱን እየጠረገ። «ብረት ነው። የራሱ ጥርሶች እርስ በርስ ተፋቅተው ነው።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ ሁሉ ከራሱ ላይ ነው የተፋቀው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አርጅቶ።»

አባዬ ጨርቁን አነሳና የተጠረገውን ፊቱን እንደገና ጠረገ።

ከዚያ የቀዩ ዕቃ የሚገባበት ቅዳሜ መጣ። እኔ ቁርስ አልበላሁም። እማዬ ሥራ ገብታለች። አባዬ ሣጥኑን ክሪክ ላይ አስቀምጦ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አነሳው፤ ከዚያ ከካምቢዮው በወጣው ዘንግ ላይ ወደ ፊት ማንሸራተት ነው የሚቀረው። ጺማሙ ሰውዬ ይህን ያደረገው እያወራ ነው። አባዬ ገፋ። አልገባም። ትንሽ ከፍ አደረገው፣ ገፋ። አልገባም። ዝቅ አደረገው። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ላቡ አስፋልቱ ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ሣጥኑ ክሪኩ ላይ ያዘነብል ጀመር፤ አባዬ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው።

«አይገባም!» አለ በመጨረሻ። በአማርኛ ነው ያለው፣ ጮክ ብሎ። «በቃ አይገባም ይሄ ነገር!»

የኔ ነገር ያኔ ፈረሰ። እየጮህኩ ማልቀስ ጀመርኩ። «የአሳማውም አይገባም ማለት ነው! ጋሼም ውስጥ አይገባም!»

ከመኪናው ሥር የሚታየኝ የአባዬ ጫማ ብቻ ነበር። ጫማው መንቀሳቀስ አቆመ።

«የምን አሳማ?» አሉ ጋሼ።

«ዳንኤል።»

«አቤት ጋሼ።»

«ውጣ እስቲ።»

«አልችልም። ይዤዋለሁ። ብለቀው ደረቴ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«እንግዲያው እዚያው ሆነህ ንገረኝ። የምን አሳማ ነው?»

«ኋላ ረጋ ብለን ብንነጋገርስ?»

«ኋላማ ትወጣና ታመልጠኛለህ።» ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጫማው ተጠጉ። «በል።»

አባዬ ትንፋሹን አወጣ። «ያ... የተፈጥሮ ያልኩዎት በር ጋሼ... ከአሳማ ነው የሚገኘው።»

«ከአሳማ።»

«አዎ።»

«እኔ ደረት ውስጥ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሚስትህ ሰላምም ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ልጅቷስ?»

ጫማው ትንሽ ተወዛወዘ። «ልጅቷማ ያው... እንግሊዝኛ ትሰማለች።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸው አልወለቀም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና ምን ብለሽ ነው አሁን የምታለቅሽው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሞዴሉ። ስለ ጥርሱ። ከላይብረሪ ስላመጣሁት መጽሐፍ። «በጆሮም አትመሳሰሉም፣ በአፍንጫም አትመሳሰሉም... ሲያንኮራፉ ግን ትንሽ...»

ከመኪናው ሥር ሳል የመሰለ ድምፅ መጣ። ብረቱ ተንቀጠቀጠ።

«አትሳቅ!» አሉት ጋሼ። «ይወድቅብሃል።»

«አልሳቅሁም ጋሼ።»

«ምንድን ነው አሁን የሚያስፈልግህ?»

«ከኋላው ያለችውን ክብ ብረት ቀስ አድርጎ የሚያዞርልኝ ሰው። ጥርሱ ከጥርሱ እስኪገናኝ። እኔ ሁለት እጄም ተይዟል።»

ልሂድ ብዬ ስነሳ ጋሼ በእጃቸው መለሱኝ። አንድ ጉልበታቸውን አስፋልቱ ላይ አደረጉ፣ ሌላውን አስከተሉ፣ ቆም ብለው ተነፈሱ፣ ከዚያ ሹራባቸውን እንደለበሱ ረጅሙን እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ማዞር ጀመሩ። በጣም በቀስታ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፈላጊ።

«አሁን ግፋ» አሉ። አባዬ ገፋ። «ቆይ። አሁን።» አባዬ ገፋ። «ቆይ... አሁን።»

ቋ! አለ። ብረቱ አንዴ ተንሸራቶ ቦታው ገባ። የዚያ ድምፅ ደስታ! እኔ ዘለልኩ፤ ከሥር አባዬ «ገባ! ጋሼ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ግን አልጮኹም። በመኪናው በር ተደግፈው ተነሱ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ አባዬ ብሎኖቹን አጥብቆ እስኪወጣ ድረስ ቆመው ጠበቁት። ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ ሆኖ ወጣ።

«እኔን ባታምነኝ ግድ የለም፣ ሽማግሌ ነኝ» አሉት። «ይህን የሚያህል ነገር ግን ይህችን ልጅ አሸክመሃት ከረምክ።»

ቤት ገቡ። የደረጃውን ድምፅ ሰማሁ። መሃል ላይ ሲቆሙም ሰማሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ አዲስ ዘይት ሞልቶ መኪናውን ጠጠር ያለበት ቦታ ወስዶ ሞከረው። አራቱም ጎማ ያዘ። ይህን የነገረኝ ለእኔ ነው፤ ለጋሼ ሊነግራቸው አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። እማዬም ምግብ ስታቀርብላቸው እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቆማ ነው። እኔ እንደገና ግራ ገባኝ። ዕቃው ገብቷል፣ ምስጢሩ ወጥቷል፣ ታዲያ ለምን ሁሉም እንደባሰበት ነው የሚሆነው? ጋሼስ አሁን ጨርሰው እምቢ ቢሉስ? እኔ አይደለሁም ወይ የተናገርኩት? በቀን አሥር ጊዜ ክፍላቸው በር ላይ ሄጄ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ።

አንድ ማታ እራት ላይ ራሳቸው ተናገሩ። «አፖይንትመንት ያዙልኝ። የምወስነው እኔው ጠይቄ ነው። አንተ አትተረጉምም። እሷም አትተረጉምም፤ ልጅ ናት፣ ከረሜላዋን ትብላ።»

ዶክተሯ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ አስተርጓሚ አገናኘች። የሴት ድምፅ ነው፣ ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ አማርኛዋ የዜና አንባቢ ነው። ጋሼ ለስልኩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እንደምን ዋሉ፣ እመቤት» አሉት። ስልኩም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ» አላቸው። ከዚያ ጠየቁ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። ደረታቸው እንደሚከፈት። ሳይነቁ የሚቀሩ ሰዎች እንዳሉም ጠየቁ፤ አሉ፣ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ ተባሉ። አባዬ ወንበሩን ጨብጧል። እኔ እውነትም ከረሜላ ይዣለሁ፣ ግን መላስ አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ጠይቁልኝ» አሉ ጋሼ። «ከአሳማ ሌላ እንስሳ የለም ወይ?»

ስልኩ ተረጎመው። ዶክተሯ ቅንድቧን አነሳች።

«አለ እንጂ» አለ ስልኩ በአማርኛ፣ እሷን ተከትሎ። «ከከብት አለ። እንዲያውም ዶክተሯ ብዙ ጊዜ የምትጠቀመው እሱን ነው። የከብት ልብ ከሚሸፈንበት ስስ ቆዳ ይሠራል። አሳማ ያለችው ለምሳሌ ያህል ነበር።»

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አባዬ ጣሪያውን አየ፤ እዚያ ላይ ለክረምቱ ሙሉ መልስ የተጻፈ ይመስል አፍጥጦ አየው። ጋሼ አባዬን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያመማቸው መስሎን ሁላችንም ተነሳን። እየሳቁ ነበር።

«ከብት ከሆነማ ዘመድ ነው!» አሉ።

ስልኩ ይህን ለመተርጎም ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

ሲረጋጉ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ የመጨረሻ። ይህች ልጅ ያስጨነቃት ነገር አለ። የከብቱና የእኔ ሞዴል አንድ አይደለም። ይገጥማል ወይ?»

ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። ጣቶቿን አገጣጥማ ክብ ሠርታ አሳየችኝ፤ ልባቸውን ከፍተው እንደሚለኩ፣ በልክ በልኩ የተዘጋጀ እንዳለ፣ ልክክ የሚለው ተመርጦ እንደሚሰፋ ነገረችኝ። በእንግሊዝኛ ነበር የምትነግረኝ፣ ስልኩም ከሥር ከሥር ለጋሼ ይነግራቸዋል።

«ሰማሽ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሰማሁ።»

«ገባሽ?»

«ትንሽ።»

«እኔም ትንሽ ነው የገባኝ» አሉና ወደ ስልኩ ዘወር አሉ። «እሺ ብሏል በሉልኝ።»

ኦፕራሲዮኑ የተደረገላቸው ፍልሰታ ገብቶ ነው። እኔ መግባት በተፈቀደልኝ ቀን ከሰውነታቸው ውስጥ ገመድና ቱቦ እየወጣ፣ ፊታቸው የሳሙና ቀለም ሆኖ አገኘኋቸው። የሚሸቱት የሆስፒታል ብቻ ነበር። ነርሷ እርጎ አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ጾም ነው» አሉ ጋሼ በቀጭን ድምፅ።

«ጋሼ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል» አለች እማዬ።

«ማነው የታመመው? ተቀየረልኝ አይደል እንዴ?»

«ካልበሉ እንዴት ነው የሚድኑት?» አለ አባዬ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። «ጋሼ፣ ከብቱ እኮ ልብዎ ውስጥ ነው ያለው። ጾሙ ታዲያ ይቆጠራል?»

«ረድኤት!» አለች እማዬ።

«ተያት» አሉ ጋሼ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ብዙ ከማሰባቸው የተነሳ የተኙ መሰለን። «ይሄ ጥያቄ የእኔ አይደለም፣ የንስሐ አባቴ ነው። ደውሉላቸው። ምንም ሳታስቀሩ ንገሯቸው።»

አባዬ አዲስ አበባ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለ። «ቅዳሴ ላይ ሳይሆኑ አይቀርም» አለ። «መልሰው ይደውሉ ይሆናል።»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው እርጎውን አዩት። ስልኩን አዩት። እርጎውን አዩት።

«እስኪደውሉማ ይበላሻል» አሉና ማንኪያውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።